ከሩቅ አገር የሚመጡ የጣና እንግዶች



ዛሬ የምናወራችሁ ስለ ወፍ ነው። «ወፍ ደግሞ ምን ወሬ አለው?» ትሉን ይሆናል። ታገሡን፤ ወሬው የእርሻችሁም ወሬ ነው።

ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባ ሲፈነዳ፣ ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ከሐይቁ ዳር መናፈሻ ተቀምጠን ወደ ሰሜን እንመለከታለን። ከመስከረም እስከ ኅዳር ሰማዩ መንገደኛ አያጣም። ጭራዋን ሽቅብ ቁልቁል የምትወዘውዘው ቢጫ ወፍ ሣሩ ላይ ትሮጣለች። እናንተም ከከብቶቻችሁ እግር ሥር ዝንብ ስትለቅም ታውቋታላችሁ። ነጩ ሽመላም ክንፉን ዘርግቶ ያልፋል። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ደግሞ ረጅም እግርና ረጅም አንገት ያላቸው ግራጫ ወፎች እየጮኹ ይመጣሉ። ቁመታቸው ከአንድ ሜትር ይበልጣል። ፈረንጆች ክሬን ይሏቸዋል። በሺህ የሚቆጠሩት በጣና ዙሪያ ይሰፍራሉ።

ለመሆኑ ከየት ነው የሚመጡት? የጥንት አውሮፓውያንም «ወፎቻችን በብርድ ጊዜ የት ይገባሉ?» እያሉ ይጨነቁ ነበር። ጭቃ ውስጥ ገብተው ይተኛሉ የሚሉም ነበሩ። በ1814 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1822፣ ጀርመን አገር አንድ ሽመላ ተገደለ። ቢያዩት አንገቱ ላይ ጦር ተሰክቶበታል። ጦሩ የአፍሪካ ጦር ነበር። ሽመላው አፍሪካ ውስጥ ተወግቶ፣ ጦሩን እንደተሸከመ አገሩ ገብቷል ማለት ነው! ያን ጊዜ ነገሩ ግልጽ እየሆነ መጣ። ዛሬ በወፎች ላይ ምልክት ይታሰራል። ግራጫዎቹ ወፎች ከሩሲያና ከአካባቢው አገሮች እንደሚመጡ የታወቀው በዚህ ዓይነት ነው።

የሚመጡበት ምክንያት ምግብ ነው። በአገራቸው በብርዱ ወራት ውሃው በረዶ ይሆናል፤ መሬቱም በበረዶ ይሸፈናል። በእኛ አገር ግን ዝናቡ አልፎ እህሉ የሚደርስበት ጊዜ ነው። የካቲትና መጋቢት ላይ ተመልሰው ይሄዳሉ፤ እንቁላል የሚጥሉት እዚያው ነው። መንገዱን በፀሐይና በከዋክብት ይለያሉ። የግራጫዎቹ ወፎች ጫጩቶች የመጀመሪያውን ጉዞ የሚጓዙት ከእናትና ከአባታቸው ጋር ነው። ልጅ ከወላጁ እርሻ እንደሚማር ማለት ነው።

ሁሉም ወፍ ግን እንግዳ አይደለም። «እንደ መስቀል ወፍ በዓመት አንዴ ብቅ ትላለህ» እንባባል የለም? የመስቀል ወፍ ከሚባሉት ውስጥ ከዚሁ ከአገራችን የማይወጡ አሉ። ወንዱ በክረምት የሚያምር ላባ ያወጣል፤ በበጋ እንደ ሴቷ ቡናማ ይሆንና ይጠፋብናል።

አሁን ወደ እርሻችሁ እንምጣ። «ወፍ ሁሉ ሌባ ነው» የሚል ገበሬ አለ። እውነት ነው፣ ማሽላ የሚጨርስ ግሪሳ አለ። እሱ ግን የአፍሪካ ወፍ ነው እንጂ ከአውሮፓ የመጣ አይደለም። ግራጫዎቹ ወፎች በብዛት የሚለቅሙት ከአጨዳ በኋላ መሬት ላይ የቀረውን ፍሬ ነው። አዲስ የተዘራ ሽምብራ ካገኙ ግን አይምሩም። ይህን አንክድም። ስለዚህ ዘሩ በቅሎ እስኪጠና ድረስ መጠበቅ፣ በጩኸትና በወንጭፍ ማባረር ያስፈልጋል። መርዝ መርጨት ግን አይገባም። መርዝ የበላ እህል ዶሮም፣ ከብትም፣ ሰውም ይገድላል።

ሌላም ነገር አለ። እነዚህ ወፎች ሌሊት የሚያድሩት ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ነው። ጅብና ቀበሮ ሲመጣ ውሃው ይንቦጫረቅና ይነቃሉ። ረግረጉ ተቆፍሮ ከደረቀ ማደሪያ የላቸውም። በእርግጥ መሬት የጠበበው ሰው ረግረጉን ለሩዝና ለአትክልት ይፈልገዋል። ችግሩን እናውቃለን። ነገር ግን ረግረግ የወፍ ብቻ አይደለም። በበጋ ለከብት ሣር የሚተርፈው እዚያ ነው። ለታንኳ የሚሆነው ደንገል የሚበቅለው እዚያ ነው። ዓሣ የሚራባው እዚያ ነው። ጎርፍ ያመጣው ደለልም ሐይቁ ሳይገባ እዚያ ይቀራል። አንዱ ሰው ለአንድ ዓመት ቢጠቀም፣ ቀበሌው በሙሉ ብዙ ዓመት ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ የቱ ይታረስ፣ የቱ ይቅር የሚለውን ተሰብስቦ መምከር ይሻላል። ዩኔስኮ የተባለው የዓለም ድርጅት ጣናን በ2007 ዓ.ም. ከዓለም ጥብቅ ሥፍራዎች መካከል መዝግቦታል። መዝገቡ ብቻውን ግን ረግረግ አይጠብቅም። የሚጠብቀው በዳሩ የሚኖረው ሰው ነው።

በመጨረሻ አንድ ነገር እንለምናችኋለን። አሁን ፊደል ለይታችኋል፤ እርሳስ ይዛችኋል። ግራጫዎቹ ወፎች መጀመሪያ የታዩበትን ቀን ጻፉ። የሄዱበትንም ቀን ጻፉ። በሚመጣው ዓመትም እንዲሁ አድርጉና አስተያዩ። ዘገዩ ወይ? አነሱ ወይ? ካነሱ ረግረጋችሁን ዞራችሁ እዩት። ያያችሁትንም ለጎረቤቶቻችሁ አንብቡላቸው።