ጨጓራ ሲጠብ ሰውነት ምን ይሆናል?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። 

እኛ የሰሃላና የሰቆጣ ሰዎች ስለ ሰውነት ክብደት ሲነሣ ቀድሞ የሚታወሰን መክሳት ነው። የ1977 ዓ.ም ረሃብ በዋግ ያደረሰውን አባቶቻችን አልረሱትም፤ በ2016 ዓ.ም በሰሃላ ሰየምትና በአጎራባች ወረዳዎች የደረሰውን ድርቅም እናስታውሳለን። ስለዚህ «ሰው ከፍሎ ጨጓራውን ያስቆርጣል» ቢባል ለብዙዎቻችን ቀልድ ይመስለናል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2016 በአገራችን የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 22 በመቶው ከሲታ፣ 8 በመቶው ደግሞ ክብደታቸው ከመጠን ያለፈ መሆኑን አሳይቷል። ሁለቱም የእኛው ችግሮች ናቸው። ዛሬ ከከተማ ወይም ከዐረብ አገር ይህን ሕክምና አድርጎ የሚመለስ ዘመድ ሊኖረን ይችላልና ነገሩን ማወቅ ይገባናል።

የተለመዱት ቀዶ ሕክምናዎች ሁለት ናቸው። በአንደኛው ከጨጓራው 80 በመቶ ያህሉ ተቆርጦ ይወጣል፤ የሚቀረው እንደ ሸሚዝ እጅጌ ጠባብና ረዥም ይሆናል። በሁለተኛው ደግሞ ከጨጓራው አናት ትንሽ ከረጢት ተለይታ ከትንሹ አንጀት ጋር ትገናኛለች፤ ምግቡም አብዛኛውን ጨጓራና የአንጀቱን መጀመሪያ ሳይነካ ያልፋል። ይህን ሁለተኛውን ዓይነት አሜሪካዊው ሐኪም ኤድዋርድ ሜሰን እ.ኤ.አ. በ1966 ጀመሩት።

ታዲያ ሰውየው የሚከሳው ጨጓራው ስለጠበበ ብቻ ነውን? አይደለም። «ራበኝ» የሚለውን መልእክት ወደ አንጎል የሚወስደው ግሬሊን የተባለ ሆርሞን በአብዛኛው የሚመነጨው ከጨጓራው የላይኛው ክፍል ነው። ያ ክፍል ሲወጣ የረሃቡ ጥሪ ይቀንሳል። በሌላ በኩል ምግብ ፈጥኖ ወደ አንጀት ሲደርስ የጥጋብን ስሜት የሚሰጡና ኢንሱሊንን የሚያግዙ ሆርሞኖች ይበዛሉ። በዚህም የተነሣ የብዙ ስኳር ሕመምተኞች ደም ገና ክብደታቸው ብዙ ሳይቀንስ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ይስተካከላል። ሱብሓነላህ!

ይሁን እንጂ ሰውነት በፈቃድ የመጣን መጉደል ከረሃብ ለይቶ አያውቅም። በድርቅ ዘመን አባቶቻችንን እንዳቆየው ሁሉ፣ የሚያቃጥለውን ኃይል ይቆጥባል፤ ከስብም ከጡንቻም ያወጣል። ስለዚህ ክብደቱ ከዓመታት በኋላ በከፊል ሊመለስ ይችላል። እንቁላል፣ ወተት፣ ምስርና ሽሮ የመሳሰሉትን በትንሽ በትንሹ ማዘውተርና መንቀሳቀስ ጡንቻን ያግዛል። ብረት፣ ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲ እና ቢ12 እንደ ቀድሞው በበቂ ስለማይገኙ ደም ማነስና የአጥንት መሳሳት እንዳይመጣ ሐኪሙ ያዘዘውን ዕድሜ ልክ መውሰድ ግድ ነው። «ድኛለሁ» ብሎ መተው አደጋ አለው። ትውከት የበዛበት ሰው ፈጥኖ ይታይ፤ ነርቭን የሚጎዳ የቫይታሚን እጥረት ሊከተል ይችላልና። እኅቶችም ከ12 እስከ 18 ወር ድረስ እርግዝናን እንዲያቆዩ ሐኪሞች ይመክራሉ።

እኛስ የቤተሰቡ ሰዎች ምን እናድርግ? በዒድ ማዕድ ላይ «በሞቴ፣ አንዲት ጉርሻ» እያልን አናስጨንቅ። ለእኛ ፍቅር የሆነችው ጉርሻ ለእሱ ሕመም ናት። ጣፋጭ ሲበዛበት ልቡ ይመታል፤ ያልበዋል፤ ያዞረዋል። ውኃም ከምግብ ጋር ሳይሆን ቆይቶ፣ በትንሽ በትንሹ ይጠጣ። ረመዷንን መጾም የሚችልበትን ጊዜ ከሐኪሙ ጋር ይምከር፤ አላህ (ሱ.ወ.) ለታመመ ሰው ማግራቱን አንርሳ። ስለ ቀዷውና ስለ ፊድያው ዐሊሞችን ይጠይቅ።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መታከምን አዝዘውናል፤ ሆድንም ለምግብ፣ ለመጠጥና ለትንፋሽ ሦስት እንድንከፍለው መክረውናል። የታከመውም ያልታከመውም ከዚህ ምክር አይወጣም። ቢላዋ ጨጓራን ያጠባል፤ የቀረው አማና ግን በየዕለቱ የሚጠበቅ ነው። ወፍራሙን «ሆዳም» ብለን አንሳለቅበት፤ ሕመሙን የሚያውቀው አላህ ነው። የጠገበም ለተራበው ጎረቤቱ ያስብ።

አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን፤ ለሰሃላም ዝናቡን በረከት ያድርግላት። አሚን። ወሏሁ አዕለም።