ተማሪ ለተማሪ



የቅኔ ቤት በተነሣ ጊዜ ሰው ሁሉ የሚያወሳው መምህሩን ነው፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን በዋሸራም ሆነ በጎንጅ፥ በዋድላም ቢሆን፥ ጀማሪውን ወደ ቅኔው የሚያስገባው አብዛኛውን ጊዜ ባልንጀራው ነው።

ቀን በዛፍ ጥላ ሥር ብቻውን ሲቆጥር የዋለ ልጅ፥ ሲመሽ 2 ቤት የሆነችውን ጉባኤ ቃናውን ይዞ ከአስነጋሪው ፊት ይቀርባል። አስነጋሪውም ያው ደበሎ ለባሽ፥ ያው ቁራሽ ለማኝ ተማሪ ነው፤ በትምህርት ብቻ ቀድሞታል። የግሱን እርባታ ያቀናለታል፤ ወርቁ ከሰሙ አልገጥም ቢል «ሂድና እንደ ገና ቍጠር» ይለዋል። (በዚያው ቀን በልመና ውሻ ለነከሰው ልጅ ይህ ቃል ምን ያህል እንደሚመር ያየ ያውቀዋል።)

አስነጋሪ ሁሉ አንድ አይደለም። የሚሳለቅ አለ፤ በርሱ ስላቅ ምክንያት አኮፋዳውን አንግቶ ሌሊት የሚጠፋ ልጅም አለ፤ ይህ ለጉባኤው ትልቅ ጉዳት ነው። መልካሙ አስነጋሪ ግን ከማረሙ አስቀድሞ «ይህን ስትል ምን አስበህ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ልጁም በተራው ሲጠይቀው፥ 8 ቤት መወድስ የሚያወርደው ያ ብርቱ ስለ አንዲት ግስ መልስ ያጣል። ያን ጊዜ እፍረቱን ውጦ ወደ መምህሩ ጎጆ ይወጣል፤ ያገኘውንም መልስ በማግስቱ አስቀድሞ ለዚያው ለጠየቀው ልጅ ይነግረዋል።