ከፓዌ አሶሳ በአየር

አቅራቢ 1፦ ፓዌም አሶሳም አንድ ክልል ውስጥ ናቸው። በቀጥታ መስመር ሲለካ ርቀታቸው ወደ 250 ኪሎ ሜትር ነው። ቀጥታ በረራ ቢኖር የአገር ውስጡ ኪው 400 አውሮፕላን ይህን ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጨርሰው ነበር።

አቅራቢ 2፦ በመኪና ግን፣ ወንድሜ፣ ነገሩ ሌላ ነው! ዓባይ ፓዌ ያለችበትን የመተከል ዞን ከአሶሳ ዞን ይለያል። በቻግኒ፣ በእንጅባራና በቡሬ ዞሮ፣ ዓባይን ተሻግሮ ነቀምቴ፤ ከዚያ በጊምቢና በመንዲ አሶሳ። ሰው ወደ ገዛ ክልሉ ዋና ከተማ ለመግባት አማራንና ኦሮሚያን ያቋርጣል።

አቅራቢ 1፦ በአየር ልሂድ ቢልስ?

አቅራቢ 2፦ መጀመሪያ በመኪና ባሕር ዳር፤ ከዚያ በረራ ወደ አዲስ አበባ፣ እንደገና በረራ ወደ አሶሳ። ሁለቱ በረራዎች ሲደመሩ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናሉ። የሦስት እጥፍ መንገድ ማለት ነው፤ መጠበቁንና የአልጋ ወጪውን ሳንቆጥር።

አቅራቢ 1፦ የሚያሳዝነው ደግሞ ፓዌ ለአውሮፕላን እንግዳ አለመሆኗ ነው። ሆስፒታሏ በተሠራበት በጣና በለስ ፕሮጀክት ዘመን የአውሮፕላን ማረፊያም ነበራት።

አቅራቢ 2፦ እኔ የምለው፣ በሳምንት ሁለት ቀን እንኳ አነስተኛ አውሮፕላን ይመደብ። ለይግባኝ አሶሳ የተቀጠረ ገበሬ ይህን ሁሉ መዞር የለበትም።