«እንካ» ሲሉት ምን ይላል?

እህቶቼ፣ ዛሬ አገር ቤት ስለተውናቸው፣ በጉርምስና ላይ ስላሉት ልጆቻችንና ታናናሾቻችን እንነጋገር።

እዚህ በምንሠራበት ቤት የአርጊሌውን ፍም የምናቀጣጥለው እኛው ነን። የፖም ሽታው ደስ ይላል፤ ውሃውም ጭሱን የሚያጥበው ይመስላል። አያጥበውም። አንድ ሲጋራ 20 ጊዜ ያህል ቢሳብ፣ የአንድ ሰዓት ሺሻ 200 ጊዜ ያህል ይሳባል፤ የከሰሉም መርዝ አብሮ ይገባል። በባትሪ የሚሠራው ቬፕም እንጆሪ እንጆሪ ይሽተት እንጂ አብዛኛው ሱስ የሚያስይዘው ኒኮቲን አለበት።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 በአገራችን ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆ መሸጥን ከልክሏል። ልጁን መጀመሪያ የሚጋብዘው ግን ብዙ ጊዜ ጓደኛው ነው፦ ከትምህርት ቤት አጥር ጀርባ አንድ ሲጋራ ለሦስት፣ ጫት ቤት ሺሻ፣ ልደት ላይ ቬፕ።

ስለዚህ ስትደውሉ «አጭሰሃል ወይ?» እያላችሁ አታስጨንቁት። «ጓደኛህ እንካ ቢልህ ምን ትለዋለህ?» በሉት። መልሱን አብራችሁ ተለማመዱ፤ «ይቅርብኝ፣ ኳስ እጫወታለሁ» ማለት ይበቃል። ለሴት ልጅም እንዲሁ። የኪስ ገንዘብ በአያቱ በኩል ይሁን።

አጭሶ ቢገኝም ስልኩን አትዝጉበት። ከዘጋችሁበት የሚያማክረው ያው «እንካ» ያለውን ጓደኛውን ነው።