ነፍሰ ጡርና የቧንቧ ውኃ
(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



አገር ቤት ውኃ ሲያጠራጥረን አፍልተን እንጠጣለን። ማፍላት ተሐዋስያንን ይገድላል፤ እርሳስ የተባለውን ማዕድን ግን አያስወጣም። እንዲያውም ውኃው እየተነነ ሲሄድ የቀረው እርሳስ ይበረታል።

ይህን የማነሣው ብዙዎቻችን ወደ አሌክሳንድሪያ ከመምጣታችን በፊት ዋሽንግተን ስለኖርን ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ የውኃው ማከሚያ ከክሎሪን ወደ ክሎራሚን ተለወጠ። በአሮጌዎቹ የእርሳስ ቧንቧዎች ውስጥ የነበረው ሽፋን ለቀቀና እርሳሱ ወደ ውኃው ገባ። ሕዝቡ በሰፊው የሰማው ጋዜጣ በጃንዋሪ 2004 ካወጣው በኋላ ነው፤ ከሦስት ዓመት በላይ ቆይቶ ማለት ነው! የቨርጂኒያ ቴኩ ፕሮፌሰር ማርክ ኤድዋርድስ በ2014 ባወጡት ጥናት፣ በእነዚያ ዓመታት በከተማይቱ በማሕፀን የሚሞቱ ጽንሶች በዝተው እንደነበር አመልክተዋል።

እርሳስ በአጥንት ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል። በእርግዝና ጊዜ ካልሲየም ሲያንስ የእናቲቱ ሰውነት ከአጥንቷ ይወስዳል፤ እርሳሱም አብሮ ወጥቶ በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ጽንሱ ያልፋል። የራሷንም የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ ወተትና አይብ አይጓደልባት።

ለቡናም ለሻይም ከቀዝቃዛው ቧንቧ ቅዱ፤ ሙቁ እርሳስን ይበልጥ ያሟሟል። ከ1978 በፊት በተሠራ ቤት ነፍሰ ጡር ቀለም አትፋቅ። እናቶች ቅር አይበላችሁ እንጂ፣ ከአገር ቤት ከሚላከው ኩል አንዳንዱ እርሳስ አለበት።

ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ የእርሳስ የደም ምርመራ ጠይቁ። እንግሊዝኛው ካስቸገረ አስተርጓሚ በነፃ ማግኘት መብታችሁ ነው።