አፕዴቱ ገባ፣ ማስታወሻው ቆመ

እሱ፦ ወሬያችን አፕዴት ካደረግን በኋላ ስታክ ስለሚያደርገው የማስታወሻ አፕ ነው።

እሷ፦ አንድ የማር ነጋዴ የዱቤ ሂሳቡን የሚይዘው እዚያ ላይ ነው፤ «ለእገሌ 5 ኪሎ፣ ግማሹን ከፍሏል» ብሎ። በገበያ ቀን ሲከፍተው ነጭ ገጽ ብቻ!

እሱ፦ ጎረቤቱም «አጥፍተህ እንደገና ጫነው» ይለዋል።

እሷ፦ ኧረ እንዳይሰማው! ጽሑፉ ስልኩ ላይ ብቻ ካለ ከአፑ ጋር አብሮ ይጠፋል። «ክሊር ዳታ»ም ያው ነው። «ክሊር ካሽ» ግን ጊዜያዊውን ፋይል ብቻ ይጠርጋል።

እሱ፦ አካውንት ላይ ተቀምጦ ከሆነስ?

እሷ፦ ኔትወርክ ካለ ነዋ! ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልላችን በአማራ የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ አልነበር? ጎግል ኪፕ የተባለው የማስታወሻ አፕም ያለ ኢንተርኔት የተጻፈውን የሚልከው መስመር ሲያገኝ ነው።

እሱ፦ ጥፋቱ ግን ሁልጊዜ የአፑ አይደለም።

እሷ፦ አይደለም። መጋቢት 2013 በዓለም ዙሪያ ብዙ የአንድሮይድ አፖች በራሳቸው ይዘጉ ነበር። ጥፋቱ የዌብቪው ነበር፤ አፖች ድረ ገጽ የሚያሳዩበት፣ ከጀርባ የሚሠራ ክፍል ነው። ጎግል እሱንና ክሮምን አስተካክሎ ሲለቅ ተፈታ።

እሱ፦ ስለዚህ ስልኩን አጥፍቶ ማብራት፣ ቦታ መሙላቱን ማየት፣ ካሽ መጥረግ፣ ከዚያ ከፕሌይ ስቶር አፑንና ዌብቪውን ማደስ። እኔ ግን ለዱቤ ደብተር ይሻላል ባይ ነኝ።

እሷ፦ ደብተሩም ይኑር። አድማጮቻችን፣ አፑ እንደተከፈተላችሁ ጽሑፉን ኮፒ አድርጋችሁ ቴሌግራም «ሴቭድ መሴጅስ» ላይ አስቀምጡት።