ከላቦራቶሪ ውጭ ሦስት ወር

(መግቢያ ሙዚቃ፤ ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ ስለ አንድ ፕሮቲን ብቻ ለዓመታት የሚያጠና የዶክትሬት ተማሪ፣ ሙከራውን አቁሞ ፓርላማ ውስጥ ሊሠራ ቢነሳ አማካሪው ምን ይሉታል?

በብሪታንያ ብዙዎቹ «ሂድ» ይላሉ፤ ቅር እያላቸውም ቢሆን። ለሥነ ሕይወት ምርምር ገንዘብ የሚመድበው የመንግሥት ተቋም፣ ቢቢኤስአርሲ፣ በ2012 እ.ኤ.አ. በጀመረው የዶክትሬት ሥልጠና መርሐ ግብር ተማሪዎች ለሦስት ወር ኢንተርንሺፕ እንዲወጡ ደንግጓል። ደንቡ የሚገርመው እዚህ ላይ ነው፦ ሥራው ከጥናታቸው ጋር በቀጥታ መገናኘት የለበትም። ሙዚየም ይሁን፣ ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል ይሁን፣ ምርጫው የተማሪው ነው።

ፓርላማውን እንውሰድ። እዚያ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ጽሕፈት ቤት አለ። ተለማማጁ ባለሙያዎችን ያነጋግራል፤ ከዚያ ለእንደራሴዎች ጥቂት ገጽ ማብራሪያ ያዘጋጃል። በላቦራቶሪ የለመደው ሁሉንም መመዝገብ ነው፤ እዚህ ግን የሚፈተነው ምን መተው እንዳለበት በመለየት ነው። ለእኔ ይህ ከየትኛውም የምስክር ወረቀት ይበልጣል።

ተቃውሞም አለ። ሕዋስ እያራባ ያለ ተማሪ ሥራውን አቋርጦ ቢሄድ ወራት ሊባክኑበት ይችላሉ። አማካሪዎች ቢያጉረመርሙ አልፈርድባቸውም።

ከዘርፋችሁ ውጭ ልምምድ የምታስቡ ካላችሁ፣ ጊዜውን ከአማካሪያችሁ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ተቀባዩን መሥሪያ ቤትም «ስጨርስ በእጄ የሠራሁት ምን ይኖራል?» ብላችሁ ጠይቁ። «እናያለን» ካሉ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

(ሙዚቃ)